መግዣው ሺህ፣ ማደሻው እልፍ፦ የአሮጌ ዶቅዶቄ ፍቅርና ጣጣ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ገዢ የተነገረ ይመስላል። የሚሠራ መኪና ደጅ ቆሞ፣ የሚከፈል የቤት ዕዳ እያለ፣ ከአገር ቤት «እስቲ ትንሽ ላክልን» የሚል ስልክ በየሳምንቱ እየተደወለ፣ ሃምሳ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ መብራቱ ሲፈልግ በርቶ ሲፈልግ የሚጠፋ ዶቅዶቄ ገዝቶ ጋራዥ ማስገባት ምን የሚሉት ጤንነት ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ ሒሳብ አያውቅም። ስለዚህ ሒሳቡን እኛ እንያዝለት።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው ቤቱ ጭር ያለበት፣ ከሁለት ሥራ አንዱን የተወ፣ ጋራዡ ውስጥ ትንሽ ክፍት ቦታ ያገኘ ወገናችን ዓይኑ አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም። አዲስ አበባ ወይም አሥመራ ላይ የቬስፓ ድምፅ እየሰማ ያደገ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ስቲቭ ማክዊን ከጀርመን የጦር እስረኞች ካምፕ አምልጦ በሞተር ሳይክል ሲሸሽ በጭብጨባ ያየ ነው። (በነገራችን ላይ ያንን የሽቦ አጥር የዘለለው ማክዊን ሳይሆን ባድ ኤኪንስ የሚባል ወዳጁ ነበር። የጀርመን ተብሎ የቀረበው ሞተርም ቀለም ተቀብቶ የተመሰለ የእንግሊዝ ትራያምፍ ነበር።) ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ፣ ገንዘብ ይዞ፣ የልጅነት ሕልሜን ልግዛ ቢል ማን ይፈርድበታል? እኛም አንፈርድበትም። ከመግዛቱ በፊት ግን ይህችን ጽሑፍ ቢያነባት አይጎዳም።

የአሮጌ ሞተር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ልንዘረዝር አንችልም። ለምሳሌ እንዲሆነን አንዱን፣ እጅግ የሚፈለገውን የእንግሊዝ ትራያምፍ ቦንቪል እንያዝ። የእሱ ጣጣ የሌሎቹም ጣጣ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ስሙን ከጨው ሜዳ ያገኘው ሞተር

ትራያምፍን የመሠረተው ሲግፍሪድ ቤትማን የተባለ ሰው ከጀርመን ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ የገባ መጤ ነበር። በብስክሌት ጀምሮ በ1902 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል አወጣ፤ በ1913 ደግሞ የዚያችው ከተማ ከንቲባ ለመሆን በቃ። ስደተኛ ሠርቶ ሰው አገር እንደሚከበር ይህም አንድ ምስክር ነው።

ቦንቪል የወጣው ለ1959 ሞዴል ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራቶር፣ 650 ሲሲ ጉልበት ነበረው። ስሙ የተወሰደው ዩታ ክፍለ ሀገር ውስጥ ካለው የቦንቪል የጨው ሜዳ ነው። በ1956 ጆኒ አለን የተባለ አሜሪካዊ የትራያምፍ ሞተር በተገጠመለት፣ ሲጋራ በመሰለ ተሽከርካሪ በሰዓት 214 ማይል የበረረው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር። አሜሪካኖች ቦንቪልን ወደዱት፤ በ1960ዎቹ ከፋብሪካው ከወጣው አብዛኛው ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ገባ። ዛሬ በየሰዉ ጋራዥ፣ በየገበሬው ጎተራ አቧራ ለብሶ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

በ1969 ግን የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ 750 መጣ። አራት ሲሊንደር፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ በአዝራር የሚነሣ ሞተር፣ ያውም ዘይት የማያንጠባጥብ! ዋጋውም 1,495 ዶላር ብቻ። የእንግሊዞቹ ፋብሪካዎች በአሮጌ ማሽን አሮጌ ንድፍ ሲሠሩ ኖረው ነበርና አልቻሉትም። በ1973 ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ትልቁ የትራያምፍ ባለቤት ወደቀ። የሜሪደን ፋብሪካ ሊዘጋ ነው ሲባል ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ፋብሪካውን ያዙ፤ በ1975 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ቀጠሉ፤ በ1983 እሱም አበቃ።

ይህ ታሪክ ለገዢው ምን ያደርግለታል ቢሉ፣ ሁለት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛ፣ ሞተሩ ብዙ ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። ሁለተኛ፣ የሚገኘው መለዋወጫ ያኛው ፋብሪካ የሠራው አይደለም። በየአገሩ በየሠሪው የተቀዳ ነው። አንዱ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሌላው ሞረድ ካልነካው አልገባም ይላል።

እዚያ ዕቃው፣ እዚህ እጁ

ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ያየነው ሒሳብና እዚህ ያለው ሒሳብ ተገላቢጦሽ ነው።

አገር ቤት የሚወደደው ዕቃው ነው። የመካኒክ እጅ ርካሽ ነው። ፒስተን ተሰነጠቀ ሲባል ቶርኖ ቤት ይኬዳል፤ ኩሽኔታ ጠፋ ሲባል ከሌላ ሞተር የወጣ ተፈልጎ ይሞከራል፤ ጓርኒሲዮን ከሌለ ከካርቶን ተቆርጦ ይሠራል። ባትላሜራው በመዶሻ ብቻ የተጨማደደውን አዲስ ያስመስለዋል። መካኒኩ ሳምንት ሙሉ ቢደክምበት የሚጠይቀው የሳምንት ምሳ ነው። እኛ ያደግነው «የማይሠራ ነገር የለም» እየተባለ ነው፤ እውነትም ነበር።

አሜሪካና አውሮፓ የሚወደደው እጁ ነው። ካንዴላው፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ በስልክ ታዝዞ በሦስተኛው ቀን ደጅ ላይ ይጣላል። ያንን የሚገጥም ሰው ግን በሰዓት 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ የሞተር ሳይክል ጋራዦች ደግሞ እንዲህ ያረጀውን ጨርሶ አይቀበሉም። ጥፋት የለባቸውም፤ ሥራው መጨረሻው አይታወቅም፣ ወጣቱ መካኒክም ኮምፒዩተር የሌለው ሞተር አይቶ አያውቅም። የሚቀበሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ወረፋው እንደ ድሮው የስኳር ወረፋ ነው።

ስለዚህ «በአምስት መቶ ዶላር አሠራዋለሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው የአዲስ አበባን ዋጋ ይዞ ዋሽንግተን ገበያ የወጣ ሰው ነው። በአጭሩ፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል እዚህ አገር የሚያዋጣው የገዛ እጁን ለሚያውል ሰው ነው። እጁን ለማዋል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የስደተኛ ትልቁ ችግር ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ መሆኑን ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

የሻጭ ቋንቋ

አሮጌ ሞተር ሻጭ የራሱ ቋንቋ አለው። ውሸታም ነው ማለታችን አይደለም፤ ትርጉሙን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

«ሲቆም ይሠራ ነበር» ይላል። እውነት ነው። የሞተ ሰው ሁሉ ከመሞቱ በፊት በሕይወት ነበረ። ጥያቄው መቼ ቆመ? ለምን ቆመ? የሚለው ነው። ሃያ ዓመት እርጥበት ያለበት ቦታ ከቆመ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን ሰጥተው ከማውራትዎ በፊት የማስነሻውን ፔዳል በእግርዎ ቀስ አድርገው ይርገጡት። ወደ ታች ካልወረደ ዋጋውም እንደዚያው ይውረድ።

«ካርቡራቶሩን ማጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ሥራው ያን ያህል ቀላል ከሆነ እሱ ራሱ አንድ ቅዳሜ አጥቦት፣ አስነሥቶት፣ በእጥፍ ዋጋ ለምን አልሸጠውም?

«ዕቃው ሁሉ አለ፤ ሣጥን ውስጥ ነው» ይላል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንድ ሰው በጉጉት ፈታው፤ መሐል ላይ ተስፋ ቆረጠ፤ ዳዶውንና ብሎኑን በቡና ቆርቆሮ አጠራቅሞ ለእርስዎ ሊያስረክብ ነው። የተፈታ ሞተር ሳይክል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የጎደለው የአምስት ዶላር ስፕሪንግ ይሁን የአምስት መቶ ዶላር ክፍል የሚታወቀው ሲገጥሙ ነው። ራሱ ያልፈታውን ሰው መልሶ ለመግጠም ደግሞ መጽሐፍ፣ ሥዕልና የኢዮብ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

«ወረቀቱ ጠፍቶ ነው እንጂ ንጹሕ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ጠበቅ ማለት ይገባል።

ወረቀትና ቁጥር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት ወረቀት፣ ማለትም ታይትል የሌለው ሞተር ሳይክል ብረት እንጂ ተሽከርካሪ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ሕግ አለው። አንዳንዱ የሽያጭ ወረቀት ብቻ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ዋስትና አስይዝ ይላል፤ አንዳንዱ ፖሊስ መጥቶ ቁጥሩን እንዲያይ ያዝዛል። ድሮ ብዙ ሰው ቨርሞንት ወደሚባለው ክፍለ ሀገር በፖስታ እየጻፈ፣ እዚያ ሳይኖር፣ ለአሮጌ ተሽከርካሪ ያለ ታይትል ምዝገባ ያገኝ ነበር። በ2023 ቨርሞንት ይህን መንገድ ለውጭ ሰው አጠበበችው። ስለዚህ «ችግር የለም፣ በቨርሞንት ታስወጣዋለህ» የሚል ሻጭ ያለፈ ወሬ ነው የሚያወራው።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የተሻለም የተለየም ነገር አላችሁ። እንግሊዝ አገር አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከመሠረቱ ያልተለወጠ ተሽከርካሪ ከመንገድ ግብርና ከ2018 ወዲህ ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ሊሆን ይችላል። ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በደንብ የተያዘና እንደ ጥንቱ የሆነ ተሽከርካሪ ባለሙያ አይቶ ሲመሰክርለት «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ያገኛል። ነፃ ነው ማለት ግን ፍሬኑ ይሠራል ማለት አይደለም። መርማሪው ቢተወውም ሞት አይተወውም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ቁጥሩ አለ። ትራያምፍ ከፋብሪካ ሲወጣ በሞተሩና በቻሲው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ሞተሩ ከአንዱ፣ ቻሲው ከሌላው የመጣ ነው ማለት ነው። መነዳት ይነዳል፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ከ1969 ወዲህ ኩባንያው የሞተሩ ቁጥር የሚመታበትን ቦታ በጥቃቅን የኩባንያው ምልክቶች ሞላው፤ ቁጥሩን በሞረድ ፍቆ ሌላ የመታ ሰው ምልክቶቹንም አብሮ ያጠፋቸዋል። ስለዚህ የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ያ ቦታ ለስልሶና አብረቅርቆ ካዩት «ቡናውን ጠጥቼ እመለሳለሁ» ብለው ይውጡ።

ሲፈታ የሚወጣው ጉድ

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። የጋራዥ ቋንቋችን የጣሊያን ነው። መፍቻችንም በሚሊ ሜትር የሚለካው ነው። የእንግሊዝ ሞተር ግን ሌላ ዓለም ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1841 ባወጣው የብሎን ልክ ነው የኖረው። የጃፓኑም የአሜሪካኑም መፍቻ ይጠጋዋል እንጂ ልኩ አይሆንም፤ ጠጋ ባለው መፍቻ ሲታገሉ የብሎኑ ራስ ይድጣል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ልክ ስለተዛወረ አንዱ ሞተር ላይ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው ወጪ እንግዲህ አዲስ የመፍቻ ስብስብ መግዛት ነው። ሞተሩ ገና አልተነካም።

ቀጥሎ ሆዱ ይታያል። ሲሊንደሩ ከተበላ ይሞረዳል፤ የሰፋ ፒስተን ይገባለታል። ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው ልክ የተሞረደ ከሆነ ውስጡ አዲስ ሸሚዝ ማስገባት ሊያስፈልግ ነው። የቦንቪል ክራንክ ሻፍት ውስጥ ደግሞ የዘይት ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ቱቦ አለ። ያ ቱቦ ከደፈነ ዘይት አያልፍም፤ ዘይት ካላለፈ ሞተሩ በመንገድ ላይ ራሱን ይበላል። ለማጽዳት ሞተሩን ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ክሮሙ ተወልውሎ፣ «ሞተሩ ታድሷል» ተብሎ ሲቀርብልዎ መጠየቅ ያለብዎ ጥያቄ «የዝቃጩ ቱቦ ተጠርጓል ወይ? የሥራው ደረሰኝስ የታለ?» ነው። ሻጩ ዓይኑን ካፈጠጠ መልሱን አግኝተዋል።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይመጣል። የእነዚህ ሞተሮች ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሉካስ ሥራ ነበር። መብራቱ በየመንገዱ ስለሚጠፋ ባለቤቶቹ ኩባንያውን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የቆየ ሽቦ ግን የማንም ይሁን የማን ይሰነጠቃል፣ ይዝጋል። በተለይ ልብ ይበሉ፤ በ1960ዎቹ ሞዴል ላይ ከቻሲው ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዚቲቭ ጫፍ ነው፤ በመኪናዎ ከለመዱት የተገላቢጦሽ ነው። በልማድ ገልብጠው ከገጠሙት ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠሩት ክፍሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች አሮጌውን ሽቦ ከመጠጋገን ሙሉ በሙሉ አውጥተው አዲስ ያስገባሉ፤ ፑንቲናውንም በኤሌክትሮኒክ ይተኩታል። ውበቱን ሳይነኩ ራስ ምታቱን የሚቀንሱበት ቦታ ይህ ነው።

የመጨረሻው ክሮም ነው። ሲያብረቀርቅ ልብ የሚሰርቀው እሱ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። የድሮው የክሮም ቅብ ሥራ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ስላለበት ሕጉ እየጠበቀ፣ የሚሠሩት ቤቶች እያነሱ መጡ። ካሊፎርኒያ በ2023 ለጌጥ የሚሠራው እንዲህ ያለ ክሮም ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ወስናለች። ስለዚህ ሲገዙ ክሮሙን በጥንቃቄ ይዩ። የዛገ ብሎን በሳንቲም ይተካል፤ ጠጠር የበላው ጠርዝና የተጋጠበ ማርሚታ ግን በመቶዎች ዶላር ነው።

ሒሳቡን እንሥራ

እስቲ አንድ ወገናችንን በምናብ እንከተል። የ1969 ቦንቪል፣ የማይነሣ ግን ያልተፈታ፣ ወረቀት ያለው፣ ቁጥሩ የሚገጥም በ3,000 ዶላር ገዛ እንበል። ዋጋው እንደ ቦታውና እንደ ዕድሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እኛ የምንሰጠው መካከለኛ ግምት ነው።

ማምጫ በኪራይ መኪና 400 ዶላር። የሞተሩ ውስጥ ዕቃና የቶርኖ ሥራ 1,800። ሁለት አዲስ ካርቡራቶር 400። ሽቦ፣ ባትሪና ኤሌክትሪክ 600። የጎማ ጠርዝ፣ ራጂ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪና ፍሬን 1,100። የቤንዚን ታንከሩና የጭቃ መከላከያው ቀለም 900። ማርሚታና ክሮም 900። መቀመጫ፣ ገመዶች፣ ላስቲኮችና ጥቃቅን ነገር 700። ምዝገባና ኢንሹራንስ 300። ደምሩት። ከመግዣው ጋር 10,100 ዶላር ሆነ። በገዛ እጁ ሠርቶ ነው፤ የሠራተኛ አንድ ሳንቲም አልከፈለም።

ለመካኒክ ሰጥቶት ቢሆንስ? 100 ሰዓት ብቻ ፈጀ እንበል፤ ለሙሉ እድሳት ይህ ብዙ አይደለም። በ100 ዶላር ሲባዛ 10,000 ነው። ጠቅላላው 20,100 ዶላር ደረሰ። በጥሩ ሁኔታ የታደሰ የዚያ ዘመን ቦንቪል ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ግን አሥር ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። እንግዲህ በእጁ የሠራው ገንዘቡን ይመልስ ይሆናል፤ ያሠራው ግማሹን ይቀብራል። «ኢንቨስትመንት ነው» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይሞታል። ሌላው አድሶ የሚሸጠውን መግዛት የሚረክሰውም ለዚህ ነው፤ የሰውየውን የሁለት ዓመት ድካም በነፃ ይወስዳሉና።

ጊዜውንም እንቁጠር። ባለሙያ በ100 ሰዓት የሚጨርሰውን ጀማሪ በ200 ቢጨርስ ጎበዝ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት አራት ሰዓት ቢያገኝ ሃምሳ ሳምንት ይፈጅበታል። ያም ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ፣ የዕድር ስብሰባና የልጅ ምረቃ በሌለበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ሀበሻ ቤት ተወልዶ አያውቅም። በየጋራዡ በግማሽ የተፈታ ሞተር የበዛው፣ ሻጩም «ዕቃው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም የማይጻፍ ወጪ አለ። ማታ ማታ ጋራዥ የሚያመሽ ባል ለባለቤቱ ሁለተኛ ቤት የሠራ ያህል ነው። ለወንድም ትምህርት የታሰበው ብር ለካርቡራቶር ሲውል በቤት ውስጥ ከሞተሩ የበለጠ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶላር ከመውጣቱ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ጣሪያ ያብጁለት። «ከዚህች ቁጥር በላይ አናልፍም፤ ካለፍን እንሸጠዋለን» ተባብለው ይጻፉት። የተደበቀ ደረሰኝ የኋላ ኋላ መገኘቱ አይቀርም።

ተነሣ ሲባል ደግሞ

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ፤ ጎረቤት ወጥቶ አየ፤ ፎቶግራፍ ተነሡ። አሁን ነው ትልቁ ጥንቃቄ። የእንግሊዝ ሞተር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር ነበር። የዛሬው ሞተር ሳይክል ግልባጩ ነው። ልጅ ድንገት መንገድ ላይ ቢገባ እግርዎ በልማድ ቀኙን ይረግጣል፤ የረገጠው ግን ፍሬን ሳይሆን ማርሽ ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀናት ሳይለማመዱ አውራ ጎዳና መውጣት ነፍስን በእጅ ይዞ መሄድ ነው። ያኔ የተሠራው የከበሮ ፍሬን ደግሞ የዛሬው የመኪና ፍጥነት መሐል ገብቶ በአጭር ርቀት ለማቆም አልተሠራም።

ጎማውንም ይዩ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለቀ ጎማ አለ። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1409 የሚል ካዩ በ2009 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ያለ ምንም ክርክር ይጣል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን ደግሞ እስከ አሥር በመቶ የሚደርስ ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖል የድሮውን ላስቲክ ያበላሻል፣ የታንከሩን የውስጥ ቅብ ያላቅቃል። ለክረምት ሲያቆሙት ካርቡራቶሩን ከቤንዚን ባዶ ያድርጉት። ኢንሹራንስ ሲገቡም ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የተወሰነበትን ዓይነት ይጠይቁ። ካልሆነ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው የሚያየው የሃምሳ ዓመት ብረት ነው፤ ያፈሰሱትን ላብ አያይልዎትም።

«አድሼ አገር ቤት እወስደዋለሁ» የሚልም አይጠፋም። አዲስ አበባ በ2019 የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ጥብቅ ገደብ ጥላለች፤ መንግሥትም በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለ ሞተር ሳይክሉ አስቀድሞ ጉምሩክን በጽሑፍ ሳይጠይቁ መርከብ ላይ መጫን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ፍቅሩ ካልለቀቀዎት መንገዶች አሉ።

ገንዘብ ያለው ጊዜ የሌለው፣ ሌላው አድሶ ከነደረሰኙ የሚሸጠውን ይግዛ። ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር አስወድዶ የገዛ ቢመስለውም ከአሥር ሺህ ኪሣራ ነው የዳነው።

ጊዜ ያለው ገንዘብ ያነሰው፣ የሚነሣ፣ ያልተፈታና ወረቀት ያለው ይግዛ። እየነዳ፣ አንድ በአንድ ያድስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬን፣ ጎማና ሽቦ፤ በሁለተኛው ሞተር፤ ቀለምና ክሮም መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ከቀለም ይጀምራል፤ ያማረ የማይሄድ ሞተር ይዞ ይቀራል።

መማር የሚፈልግ ከ1970ዎቹ የጃፓን ሞተሮች አንዱን ቢጀምርበት ይቀልለዋል። ብሎናቸው በለመድነው በሚሊ ሜትር ይለካል፤ መግዣቸውም ከእንግሊዞቹ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ድምፁንና መልኩን ብቻ የሚፈልግ ደግሞ አዲሱን ይግዛ። ጆን ብሉር የተባለ እንግሊዛዊ ቤት ሠሪ በ1983 የትራያምፍን ስም ገዝቶ በሂንክሊ ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ከ2001 ሞዴል ጀምሮ የድሮውን የመሰለ አዲስ ቦንቪል እየሠራ ነው። መልኩ የአባት፣ ሆዱ የልጅ ነው፤ ማርሹም በግራ ነው። የሕንዱ ሮያል ኤንፊልድም እንዲሁ የድሮ መልክ ያለው አዲስ ሞተር ያወጣል። «ይህማ እውነተኛው አይደለም» የሚል ቢመጣ፣ እውነተኛው ጋራዥ ውስጥ ስንት ወር እንደቆመ ይጠይቁት።

ለሁሉም ግን አንድ ምክር አለ። ሊገዙ ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ። ሞተሩን የማይወድ ሰው ይዘው ይሂዱ። እርስዎ ክሮሙን ሲያዩ እሱ ከሥር የተንጠባጠበውን ዘይት ያያል። የሚያበርድዎ ሰው ካጡ ደግሞ ገንዘቡን ቤት ትተው ሄደው አይተው ይመለሱ፤ አንድ ሳምንት አስበውበት አሁንም ካማረዎት፣ ያን ጊዜ ጣሪያውን ከቤተሰብ ጋር ጽፈው ይግዙት። ሃምሳ ዓመት የጠበቀ ብረት አንድ ሳምንት መጠበቅ አያቅተውም።